ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ስፒከር

እናቴ ቱሉ ዲምቱ እኛ ዘንድ በመጣች ቁጥር የምትቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው የኤል ቅርጽ ሶፋ ጫፍ። ጠዋት ጀርባዋን ፀሐይ ትሞቅበታለች፣ ከበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ታይበታለች፣ ከዚያ ሊያስነሳት የሚደፍርም የለም። ባለፈው ዓመት ከርማ በሄደችበት ጊዜ ማታ ማታ አብረን ፊልምና ትርጉም ድራማ እናይ ነበርና በየሁለት ደቂቃው «ምን አለ?» እያለች ትጠይቀን ነበር። የጆሮዋ ነገር መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ቀን ቆርጬ ነበር። አንድ ምሽት ቡናውን ልታይ ስትነሳ ሳላስበው ቦታዋ ላይ ተቀመጥሁ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ልጁን እየመከረ ነበር፤ እኔም አልሰማሁትም። ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይመጣም፤ ሰውየው ጋቢውን አፉ ላይ ጥሎ የሚናገር ይመስላል። ከሶፋው መሐል፣ እኔ ዘወትር ከምቀመጥበት፣ ይኸው ሰው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ጥፋቱ የእናቴ ጆሮ ሳይሆን እኔ ከስድስት ወር በፊት መርጬ የገዛሁት የመሐል ስፒከር ነበር። ይህን ስፒከር እንደገና ለመምረጥ ስል ያነበብሁትን፣ የለካሁትንና የተሳሳትሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አስቀድሜ ስለ ስያሜ አንድ ነገር ልበል። «ሆም ቴአትር» ሲባል አብዛኞቻችን የምንረዳው ከነማጫወቻው በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስብስብ ነው። እኔ የምናገረው ግን አምፕሊፋየሩም ስፒከሮቹም ለየብቻ ተገዝተው ስለሚቀናጁበት አሠራር ነው። የአምፕሊፋየሩ ትክክለኛ ስም ኤቪ ሪሲቨር ነው፤ ይሁን እንጂ እኛ አገር «ሪሲቨር» ያለ ሰው የዲሹን ሪሲቨር እንደሚያስታውስ ስለማውቅ አምፕሊፋየር እያልሁ እቀጥላለሁ።

በአምስት ነጥብ አንድ አሠራር ከፊት ግራ፣ ቀኝና መሐል፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት፣ ለዝቅተኛው ድምፅ ደግሞ አንድ ሰብዉፈር ይኖራል። በፊልም ውስጥ ሰዎች የሚነጋገሩት በአብዛኛው በመሐለኛው ቻናል፣ ማለትም ለመሐሉ ስፒከር ለብቻው በሚላከው የድምፅ መስመር ስለሆነ ይህ ስፒከር ደካማ ከሆነ የቀሩት አምስቱ ቢያምሩም ፊልሙ አይሰማም። የመሐሉ ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1933 ፊላደልፊያ ውስጥ የሚጫወትን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ዋሽንግተን ወዳለ አዳራሽ ሲያስተላልፉ የተጠቀሙት በሦስት ማይክሮፎን፣ በሦስት መስመርና በሦስት ድምፅ ማጉያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ የቀረበው የስቴሪዮ ሸክላ ግን በአንዱ ቦይ ሁለት ግድግዳ ላይ ሁለት ቻናል ብቻ ስለሚቀረጽበት፣ ቤታችን የገባው ሦስቱ ሳይሆን ሁለቱ ሆነ። መሐሉ በስፋት ወደ ሳሎን የተመለሰው ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1987 ከመጣ በኋላ ነው።

ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ሰው ተናጋሪው ከስክሪኑ መሐል የሚናገር መስሎ የሚሰማው ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከቀኙ ይልቅ ለግራው ስፒከር በአንድ ሜትር የቀረበ ሰው የግራውን ድምፅ በሦስት ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይሰማል፤ አእምሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ይዞ ምንጩን ስለሚወስን ተናጋሪው በሙሉ ወደ ግራው ስፒከር ይሳባል። መሐል ላይ እውነተኛ ስፒከር ካለ ግን የትም ብንቀመጥ ድምፁ ከሰውየው አፍ ይወጣል። የመሐል ስፒከር የሚገዛው እንግዲህ መሐል ለሚቀመጠው ሰው ሳይሆን ዳር ለሚቀመጠው ነው ማለት ይቻላል።

በውጭ አገር መጽሔቶች የሚታዩት ክፍሎች ሶፋቸው ስክሪኑን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ረድፍ ነው። የእኛ ሳሎን እንዲህ አይደለም። እኛ የምንቀመጠው ግድግዳ ተከትለን ነው፤ ሶፋው ሁለት ግድግዳ ይይዛል፣ እንግዳ ሲመጣ በርጩማና የፕላስቲክ ወንበር ይጨመራል፣ መሐሉ ለጠረጴዛና ለረከቦት ይተዋል። በእኛ ቤት ስክሪኑን በቀጥታ ፊት ለፊት የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው እኔ መሆኔን ባለቤቴ ሳታስታውሰኝ የዋለችበት ቀን የለም። የእናቴን ቦታ በሜትር ስለካው ከስክሪኑ ወደ ፊት ሁለት ሜትር፣ ወደ ጎን አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከመሐለኛው መስመር 37 ዲግሪ ገደማ ያፈነገጠ ነው።

አሁን ወደ ስፒከሩ እንምጣ። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የመሐል ስፒከር በጎኑ የተኛ ረጅም ሣጥን ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ዉፈር (ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ)፣ በመካከላቸው አንድ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ)። ቴሌቪዥን ሥር ለመግባት ይመቻል፣ ያምራልም። ችግሩ ሁለቱ ዉፈሮች ተመሳሳዩን ድምፅ በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ ማውጣታቸው ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም እኩል ርቀት ስላላቸው ድምፃቸው ይደመራል። በጎን ላለ ሰው ግን አንዱ ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል። የእኔው ስፒከር ሁለት ዉፈሮች ከመሐል እስከ መሐል 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ በእናቴ ማዕዘን ሲሰላ የርቀታቸው ልዩነት 18 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የሞገድ ርዝመቱ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 36 ሴንቲ ሜትር የሆነው ድምፅ 950 ኸርዝ ገደማ፣ በሰከንድ 950 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነው። በዚያ ፍሪኩዌንሲ የአንዱ ዉፈር ሞገድ ሲገፋ የሌላው ይስባል፤ ሁለቱ እናቴ ዘንድ ሲደርሱ ይጠፋፋሉ። ግድግዳና ጣሪያ የሚመልሱት ድምፅ ጉድጓዱን በመጠኑ ቢሞላውም ጉድጓዱ የተቆፈረው የሰው ንግግር በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከዚያ በላይ ትዊተሩ ሥራውን እስከሚረከብበት ድረስ ያለውም ድምፅ ቢሆን ወደ ጎን ሲሄድ ሸካራ ነው።

ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ካሰፈርሁ በኋላ በጆሮዬ ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ ተጠቀምሁ። ዜና እየተነበበ ሳለ ከሶፋው መሐል ተነሥቼ ግድግዳ ግድግዳውን በቀስታ ወደ መስኮቱ ተራመድሁ። አንባቢዋ በየእርምጃው እየደበዘዘች ሄደች፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ መጋረጃ የተጣለባት ያህል ነበር። ከዚያ ስፒከሩን አንሥቼ አቆምሁት፤ ማለትም ሁለቱ ዉፈሮች አንዱ ከአንዱ በላይ እንዲሆኑ። ግማሽ ስክሪኑን ሸፈነ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ነገር ግን ያንኑ መንገድ ስራመድ አንባቢዋ አልተለወጠችም። ለሁለት ሺህ ብርም ለሃያ ሺህ ብርም ስፒከር የሚሠራ ፈተና ነውና ሻጩ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ሱቅ ውስጥም ሞክሩት።

ከዚህ የተነሣ ምርጫዬ ወደ ሦስት ዓይነት ጠበበ። የመጀመሪያው፣ ትዊተሩ ከትንሽ ሚድሬንጅ (መካከለኛውን ድምፅ ብቻ ከሚያወጣ ክብ) በላይ ቆሞ ዉፈሮቹ ግራና ቀኝ የሆኑበት ነው። እዚህ የንግግሩን ዋና ክፍል የሚያወጣው አንዱ ሚድሬንጅ ስለሆነና ዉፈሮቹ ከዝቅተኛው ድምፅ ስለማያልፉ ወደ ጎን የሚፈጠረው ጉድጓድ አይኖርም፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከፍ ይላል። ሁለተኛው ትዊተሩ በዉፈሩ እምብርት ላይ የተቀመጠበት አሠራር ነው፤ የእንግሊዙ ኩባንያ ኬኢኤፍ ዩኒ ኪው በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሠራዋል፤ ሁሉም ድምፅ ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ ቢተኛም ቢቆምም ግድ የለውም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ለግራና ለቀኝ ከምንጠቀምባቸው ትናንሽ ስፒከሮች ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ ሦስተኛ ስፒከር መሐል ላይ ማቆም። ልብ አድርጉ፣ ማቆም ነው ያልሁት። ያንኑ ስፒከር በጎኑ ካስተኛነው ዉፈሩና ትዊተሩ ጎን ለጎን ስለሚሆኑ የሸሸነው ችግር በሌላ በር ይገባል።

ሦስተኛውን መንገድ የምወድበት ሌላ ምክንያት የድምፅ ዝምድና ነው። መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ሦስቱ ስፒከሮች የተለያየ ባሕርይ ካላቸው መሐል ላይ ሲደርስ ሌላ መኪና ይሆናል። ስለዚህ የመሐሉ ቢያንስ ከግራና ከቀኙ ጋር የአንድ ፋብሪካ አንድ ሞዴል ቤተሰብ፣ በተለይም ትዊተሩ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

በመርካቶ ስዞር ከሁሉ በላይ የሰለቸኝ የዋት ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» ይባላል፤ ይህ አኃዝ ከማስታወቂያነት አልፎ ምንም አይለካም። ማየት ያለብን ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ነው። 86 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሚል ስፒከር በአንድ ዋት አንድ ሜትር ላይ 86 ዴሲቤል ይሰጣል ማለት ነው። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ወደ ዘጠኝ ተኩል ያህል ቢያጣም 76 ዴሲቤል ይቀረዋል፤ ሰው ለሰው በመደበኛ ድምፅ ሲነጋገር ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል ነው። ንግግር ለመስማት አንድ ዋት ይተርፋል። ትርፉ ኃይል የሚፈለገው ለአፍታ ለሚመጣው ፍንዳታ ሲሆን፣ ለዚያም በሦስት ዴሲቤል የሚበልጥ ሴንሲቲቪቲ መምረጥ የአምፕሊፋየሩን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ኦሙንም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይገባል፤ ከስድስት ኦም በታች አትቀጥሉ የሚል አምፕሊፋየር ላይ ባለ አራት ኦም ስፒከር መቀጠል ብልኅነት አይደለም።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ አራት ክብ የሚታዩበት አንጸባራቂ የመሐል ስፒከር ገዝቼ ነበር። ቤት ወስጄ ስቀጥለው ድምፁ ስላልጣመኝ በካቻቢቴ ፈታሁት። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ክቦች ከኋላቸው ማግኔትም ሽቦም የላቸውም፤ ለጌጥ የተለጠፈ ወረቀት ናቸው። ከዚያ ወዲህ የምገዛውን ሁሉ መጀመሪያ በእጄ አነሣዋለሁ፤ እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀል ከሆነ ዋጋ እንኳ አልጠይቅም።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ አንድ የምሥራች አለ። አሜሪካ የሚሸጥ አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ የእኛው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በካርቶኑ ጠረን ገና ሳይጠግብ በጢስ ተሰናብቶታል። የራሱ አምፕሊፋየር የሌለው ተራ ስፒከር ግን ከግድግዳው መብራት ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል፤ ሻንጣ ውስጥም በልብስ ተጠቅልሎ ይገባል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን እዚሁ፣ ስፒከሩን ከዘመድ የሚለው አካሄድ ያዋጣል።

ስለ መሞከሪያው ድምፅም ልናገር። ሱቅ ውስጥ ሻጩ የሚከፍተው ዘወትር ባሱ የሚያርገፈግፍ ሙዚቃ ነው፤ በሙዚቃ ማንኛውም ሣጥን ያምራል። እኔ በስልኬ የቀዳሁትን የባለቤቴንና የራሴን ንባብ ይዤ ነው የምሄደው። አማርኛችን ለዚህ ሥራ የታደለ ነው፤ «ጥል» እና «ትል»፣ «ቅር» እና «ክር» የሚለያዩት ለቅጽበት በምትፈነዳ ትንሽ ድምፅ ስለሆነ፣ ላይኛው ፍሪኩዌንሲ የተበላሸበት ስፒከር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ቃላቱን አደባልቄ ያነበብሁበትን ቅጂ ከዳር ቆሜ እሰማለሁ፤ ባለቤቴም ጀርባዋን ሰጥታ የሰማችውን ትጽፋለች። አሮጌው ስፒከራችን ከእናቴ ቦታ ላይ ጥሉን ሁሉ ትል አድርጎት ነበር።

በመጨረሻ የወሰንሁት ሦስተኛውን መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ካሉኝ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ስፒከሮች ዱባይ የሚመላለስ ወንድሜ አመጣልኝ፤ የሚሸጡት በጥንድ ብቻ ስለሆነ አንዱን ፈልጌ ሁለት ገዛሁ። ሣጥኑ ሲቆም 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የስክሪኑን ታችኛ ክፍል ሸፈነው። ቴሌቪዥኑን 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ጎረቤት ትራፓኖ ለምኜ ብሎኬቱን በሳሁ፤ አዲስ ፊሸር አስገባሁ፤ አሮጌዎቹን አራት ቀዳዳዎች በስቱኮ ደፈንሁ፤ ቀለሙ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመም።

አቀማመጡ ከምርጫው ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ቀድሞ ስፒከሩ የነበረው የቡፌው ክፍት መደርደሪያ ውስጥ ሲሆን፣ በሦስት ወገን እንጨት የከበበው ሣጥን የወንድን ድምፅ በርሜል ውስጥ የገባ ያስመስለው ነበር። አሁን ቡፌው ላይ፣ ከፊት ጠርዙ ጋር እኩል ሆኖ ቆሟል፤ ወደ ኋላ ገባ ቢል የቡፌው ገጽ ድምፁን መልሶ ስለሚረጭ ንግግሩ ይደፈርሳል። ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ በታች ስለሆነም ከጎሚስታ በለመንሁት የጎማ ቁራጭ ፊቱን ሁለት ጣት ያህል ቀና አድርጌዋለሁ። ጎማው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ፍንዳታ በመጣ ቁጥር ማንቃጨላቸውን ትተዋል። ወለላችን ሴራሚክ፣ ግድግዳችን ባዶ ስለነበር በእጅ ሲጨበጨብ ክፍሉ ይመልሳል፤ ከስፒከሩ ፊት ምንጣፍ አንጥፈን በመስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ስንሰቅል የመጣው ለውጥ አዲስ ስፒከር ከመግዛት የማይተናነስ ነው። ከቤታችን ቀጥሎ ያለው መንገድ ወደ አዳማ የሚወስደው የፈጣኑ መንገድ መነሻ እንደመሆኑ የከባድ መኪና ጩኸት ያመጣብን ነበርና መጋረጃው ለእርሱም ረድቷል።

አምፕሊፋየሩ ላይ የነካሁት ጥቂት ነው። አብሮት የመጣውን ማይክሮፎን መለካት ያለበት ቦታ ላይ፣ የእናቴን ቦታ ጨምሮ፣ አስቀምጬ ርቀትና መጠን እንዲያስተካክል አደረግሁ፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈሩ ተውሁ፤ የመሐሉን በሁለት ዴሲቤል ከፍ አደረግሁ። ቀይና ጥቁሩን ሽቦ እንዳታቀያይሩ፤ ተገላብጦ የተቀጠለ ስፒከር ከጎረቤቶቹ ጋር ይጣላል፣ ሰሚው ግን የት እንደተበላሸ አያውቅም። ቤታችን የሚደርሱት የአማርኛ ዝግጅቶች በብዛት ባለ ሁለት ቻናል ስለሆኑ አምፕሊፋየሩን «ስቴሪዮ» ላይ ከተውነው የመሐሉ ስፒከር ዝም ብሎ ይቆማል። «ዶልቢ ሰራውንድ» ወይም በቀደሙት ሞዴሎች «ፕሮ ሎጂክ» የሚለው ሲመረጥ በሁለቱም ቻናል እኩል ያለውን ድምፅ፣ ማለትም በአብዛኛው ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሐል ይልከዋል። ይህን አንድ ቁልፍ ባላውቅ ኖሮ ዜናውን የምሰማው በግራና በቀኝ ብቻ ነበር።

እናቴ በጥር ወር መጥታ ነበር። የተለመደው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ድራማው ተጀመረ፤ አሥር ደቂቃ ሞላው፣ «ምን አለ?» አላለችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጄ፣ ኧረ ቀንሰው፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። ስንመለከተው ድምፁ ቀድሞ ከምንከፍትበት በስምንት ቁጥር ያነሰ ነበር። አራተኛው ስፒከር፣ ጥንዱ ያተረፈልኝ፣ ለጊዜው ሥራ የለውም፤ ባለቤቴ ቁም ሣጥኑ አጠገብ አቁማው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች።